የሌድ ዜፕሊን ሦስተኛ አልበም በዳግም እትም፦ ከዘጠኝ ወር ማድመጥ በኋላ

የዛሬ ዘጠኝ ወር ታናሽ ወንድሜ ከአሜሪካ ለእረፍት ሲመጣ፣ በልብሶቹ መካከል በካርቶን ጠቅልሎ የእንግሊዙን ሮክ ቡድን የሌድ ዜፕሊንን ሦስተኛ አልበም ዳግም እትም አመጣልኝ። እትሙ ባለ ሁለት ሸክላ ነው፤ አንዱ አልበሙ ራሱ ሲሆን፣ ሁለተኛው በዚያው ዘመን ተቀርጸው ሳይታተሙ የቆዩ ቅጂዎችን የያዘ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሰፈሩ ጸጥ ሲል ማታ ማታ አደምጠዋለሁ። ስለ አንድ ዕቃ በተገዛበት ሳምንት የሚጻፍ አስተያየት ከገዢው ደስታ ተለይቶ ስለማይታይ፣ ደስታው እስኪረጋ ጠብቄ መጻፍን መርጫለሁ።

አልበሙ መጀመሪያ የወጣው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 5 ቀን 1970 ነው። ቡድኑ በ1969 ብቻ ሁለት አልበሞችን አከታትሎ አውጥቶ፣ ብሉዝን መሠረት ያደረገ ጉልበተኛ ሮክ በመጫወት ስሙ ገኖ ነበር። በቀጣዩ ዓመት ጊታሪስቱ ጂሚ ፔጅና ድምፃዊው ሮበርት ፕላንት ከጉዞ ድካም ለማረፍ፣ ዌልስ ውስጥ ከማኸንሌዝ ከተማ አጠገብ ወደምትገኝ ብሮን-ኧር-አይር ወደተባለች የገጠር ቤት ሄዱ። ቤቱ ኤሌክትሪክ አልነበረውም። በእሳት ዳር ተቀምጠው በአኩስቲክ ጊታር የጀመሯቸው ዜማዎች ናቸው እንግዲህ ለአልበሙ መልኩን የሰጡት። ቀረጻው ሃምፕሽር ውስጥ በሚገኘው ሄድሊ ግሬንጅ በተባለ አሮጌ ሕንፃና በለንደን ስቱዲዮዎች ተካሂዶ፣ ሚክሲንጉ (የተቀረጹትን ድምፆች ማመጣጠኑ) አሜሪካ ሜምፊስ ውስጥ በአርደንት ስቱዲዮ ተጠናቀቀ። አልበሙ በብሪታንያም በአሜሪካም የሽያጭ ሰንጠረዡን አንደኛ ሆኖ ቢመራም፣ በርካታ ሃያሲዎች ወደ ፎክ (የሕዝብ ዘፈን ስልት) ማዘንበሉን አልወደዱለትም፤ በአኩስቲክ ዜማዎቹ የሚታወቀውን ቡድን የክሮስቢ፣ ስቲልስ፣ ናሽ እና ያንግን ፈለግ ተከትሏል ብለው የነቀፉትም ነበሩ።

እኔም ለብዙ ዓመታት የሃያሲዎቹን ስሜት እጋራ እንደነበር መናገር አለብኝ። ቀደም ሲል የነበረኝ ፔጅ ከድምፅ ባለሙያው ጆርጅ ማሪኖ ጋር እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ባዘጋጀው ማስተሪንግ (ከኅትመት በፊት በሚደረግ የመጨረሻ የድምፅ ማስተካከያ) የታተመው ሲዲ ሲሆን፣ በእሱ ላይ የመጀመሪያዎቹን አምስት ዘፈኖች አድምጬ የቀሩትን አልፋቸው ነበር። ይህን ልማዴን የቀየረው አዲሱ እትም ነው፤ ይህን የምጽፈውም በዋናነት ምክንያቱን ለማስረዳት ነው።

ዳግም እትሙ ከመጀመሪያዎቹ ሁለት አልበሞች ጋር አብሮ የወጣው ጁን 2 ቀን 2014 ነው። ሥራውን የመራው ፔጅ ራሱ ሲሆን፣ ማስተሪንጉን የሠራው የድምፅ ባለሙያው ጆን ዴቪስ ነው። ድምፁ ከመጀመሪያዎቹ የአናሎግ ቴፖች በከፍተኛ ጥራት (በ192 ኪሎኸርትዝና በ24 ቢት) ወደ ዲጂታል ተገልብጦ፣ ከዚያ ከበድ ባለ የ180 ግራም ሸክላ ታትሟል። ከዲጂታል ምንጭ የተቆረጠ ሸክላ ዋጋ የለውም የሚሉ አድማጮች እንዳሉ አውቃለሁ፤ ከዘጠኝ ወር ማድመጥ በኋላ ግን በዚህ አልበም ላይ አስተያየታቸውን ልቀበለው አልቻልኩም። በቀድሞው ሲዲ ላይ ከፍ ያሉት ድምፆች፣ በተለይ የድራሙ ሳህኖች፣ ጆሮን የሚወጉ ነበሩ፤ በሸክላው ላይ ሳህኖቹ የብረት ድምፃቸውን ሳይለቁ ለስልሰዋል፣ የቡድኑ ቤዝና ኦርጋን ተጫዋች የጆን ፖል ጆንስ ቤዝም ከበስተኋላ ወጥቶ ኖታ በኖታ ሊቆጠር የሚችል ሆኗል። የድምፁን ከፍታ ሳልጨምር ውስጡ ያለውን ሁሉ እሰማለሁ፤ ከጎረቤት ጋር ግድግዳ ለሚጋራ ሰው ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ከሁሉ በላይ ያከበርኩት ግን አዘጋጆቹ ያልነኩትን ነው። «ሲንስ አይቭ ቢን ላቪንግ ዩ» የተባለውን ከሰባት ደቂቃ በላይ የሚፈጅ ዝግ ያለ ብሉዝ በጥንቃቄ ያደመጠ ሰው፣ የድራም ተጫዋቹ የጆን ቦናም የባስ ድራም ፔዳል በተረገጠ ቁጥር ዘይት እንዳልተቀባ ማጠፊያ ሲጥ ሲጥ ሲል ይሰማዋል። በዛሬ መሣሪያ ይህን ድምፅ ለማዳከም መሞከር ይቻል ነበር፤ ነገር ግን አሁንም በቦታው አለ፤ እንዲያውም ማስተሪንጉ ስለጠራ ከበፊቱ ይበልጥ ይሰማል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጆሮዬን ያውከኝ ነበር። በሦስተኛው ወር ገደማ ግን ያ ሲጥታ የቦናም እግር ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያርፍ እንደሚነግረኝ፣ ጆንስ በሃሞንድ ኦርጋን ላይ እጁ ዜማውን ሲይዝ እግሩ ደግሞ በኦርጋኑ ፔዳሎች ቤዙን እንደሚረግጥ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ አራት ሰዎች እርስ በርስ እየተጠባበቁ እንደሚጫወቱ ያስገነዘበኝ እሱ ሆኖ አገኘሁት። የፔጅ ጊታር በጣም ዝቅ ብሎ በሚጀምርበት መግቢያ ላይ በድምፆቹ መካከል ያለው ዝምታ ራሱ ይሰማል፤ በሲዲው ላይ ይህንን ዝምታ አላስተዋልኩትም ነበር።

ሌላም ያልተሸፈነ ስፌት አለ። በ«ሰለብሬሽን ዴይ» መጀመሪያ ላይ የነበረው የድራም ቅጂ በስህተት ከቴፑ ላይ ተሰርዞ ነበር። ቡድኑም ዘፈኑን ከመጣል ይልቅ ከሱ የሚቀድመው «ፍሬንድስ» ሲያልቅ የሚሰማውን የሲንተሳይዘር ጉምጉምታ አስረዝሞ ሁለቱን ዘፈኖች አገናኛቸው። አዲሱ እትም ይህን መሻገሪያ እንዳለ ጠብቆታል። ጉምጉምታው እየተሽከረከረ ወርዶ ጊታሩ ከውስጡ ሲፈልቅ፣ ችግር የወለደው መፍትሔ ከታሰበበት ቅንብር የበለጠ ሲያምር ይሰማኛል። ዳግም እትም የሚያዘጋጁ ሰዎች ሁሉ ይህን አልበም አስቀምጠው ቢያደምጡት እመኛለሁ፤ አሮጌ ቀረጻን አጠራለሁ እያሉ ሕይወቱን የሚያጥቡ እትሞች ብዙ ገጥመውኛልና።

ወደ ሁለተኛው ገጽ ልምጣ። ሸክላን ከሲዲ የሚለየው አንዱ ነገር ተነሥቶ መገልበጥን ግድ ማለቱ ነው፤ አልበሙም ለዚህ የተሠራ ይመስላል። የመጀመሪያው ገጽ በአብዛኛው የኤሌክትሪክ ጊታር ሲሆን፣ ሲገለበጥ ሌላ ቤት ውስጥ እንደተገባ ያህል ነው። ገጹን የሚከፍተው «ጋሎውስ ፖል» ከጥንት ጀምሮ በቃል ሲተላለፍ የኖረ ባላድ (ታሪክ የሚተርክ ዘፈን) ነው፤ ሊሰቀል የተፈረደበት ሰው ዘመዶቹ የደም ዋጋውን ይዘው እስኪደርሱ ድረስ ሰቃዩን ትንሽ እንዲታገሠው ይለምናል። በአንድ አኩስቲክ ጊታር ይጀምርና ማንዶሊን፣ ከዚያ ባንጆ፣ ወደ መካከሉም ድራም እየተጨመረ፣ የልመናው ፍጥነት እስኪያስጨንቅ ድረስ ይከማቻል። በድሮው ሲዲዬ ላይ ባንጆና ማንዶሊኑ ተደባልቀው አንድ ጩኸት ይሆኑብኝ ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ የራሱን ቦታ ይዟል፣ ስለዚህ መጨናነቁ ከዘፈኑ እንጂ ከማጫወቻው አይመጣም።

በ«ዛትስ ዘ ዌይ» እና በ«ብሮን-ዋይ-ኦር ስቶምፕ» ላይ ፔጅ ጊታሩን ከተለመደው ቅኝት አውጥቶታል፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ በሚገኘው «ፍሬንድስ»ም እንዲሁ አድርጓል። ክራር ሲቃኝ እያየ ላደገ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ ለዘፈኑ የሚስማማውን ቅኝት ሳይሰጡ መሣሪያውን ማንሣት እንደሌለብን እናውቃለን። ነገር ግን በስድስት አውታር ጊታር ላይ፣ ያልተነኩት አውታሮች ከተመቱት ጋር አብረው ሲያስተጋቡ መስማት የሚቻለው ቀረጻው ለዚያ ማስተጋባት ቦታ ከተወለት ብቻ ነው። «ዛትስ ዘ ዌይ» ፔጅና ፕላንት በዌልሱ ቤት አካባቢ በእግር ሲንሸራሸሩ፣ ይዘውት በወጡት ካሴት መቅጃ ላይ የጀመሩት ነው። ሁለት ልጆች እንዳይገናኙ ስለ መከልከላቸው ይናገራል፤ ዘፈኑ ሊያልቅ ሲል የሚከተለው ረጅም የጊታር ማስተጋባት በዘጠኝ ወር ውስጥ ካደመጥኩት ሁሉ የበለጠ ደጋግሜ የተመለስኩበት ክፍል ነው። «ብሮን-ዋይ-ኦር ስቶምፕ» ስለ ፕላንት ውሻ ሲሆን፣ ቦናም ማንኪያና ካስታኔት ያንሿሿል፤ የቤቱ ስም በሽፋኑ ላይ አንዲት ፊደል ጎድሎት የታተመ ሲሆን፣ ዳግም እትሙም ስህተቱን አላረመውም። ደግ አድርጓል።

ስለ ሽፋኑ አጭር ቃል ይበቃል። የሠዓሊው ዛክሮን ሥራ ነው፤ ፊት ለፊቱ ላይ በተቆረጡ ቀዳዳዎች በስተኋላ አንድ ክብ ካርቶን ስለሚዞር፣ ክቡ ሲገፋ በየቀዳዳው የሚታዩት ሥዕሎች ይለዋወጣሉ። ሐሳቡ የተወሰደው ገበሬዎች ሰብል ከሚያፈራርቁባቸው ተሽከርካሪ ሰንጠረዦች ነው። በእኔ እትም ላይ ክቡ ያለ ችግር ይዞራል፤ ሆኖም ጠርዙ በዘጠኝ ወር ውስጥ መንጣት ጀምሯል፣ ሽፋኑም ከተራ ሽፋን ስለሚወፍር መደርደሪያ ላይ ጎረቤቶቹን ይጫናል። የክቡ ማያያዣ ሸክላውን እንዳይጎዳው ፈርቼ ሁለቱንም ሸክላዎች በተለየ ከረጢት ከሽፋኑ ውጭ አስቀምጣቸዋለሁ፤ ሌሎችም እንዲህ ቢያደርጉ ይጠቅማቸዋል። አንዱ የሽፋኑ ጥግ በሻንጣ ውስጥ ታጥፎ ስለመጣ፣ በጉዞ የሚያስመጣ ሰው በሁለት ጠንካራ ካርቶን መካከል ያስጠቅልለው።

ስለ ማጫወቻም ሳልናገር ማለፍ አልችልም፤ ሸክላው ላይ ያማረርኩት የመጀመሪያ ቅሬታ ከእሱ የመነጨ ሆኖ ተገኝቷልና። ከአሜሪካ የመጣልኝ ያገለገለ ማጫወቻ ፍጥነቱን ከኤሌክትሪኩ ድግግሞሽ የሚወስድ ሞተር ነበረው። የአሜሪካ መስመር 60 ኸርትዝ፣ የእኛ ደግሞ 50 ኸርትዝ ስለሆነ፣ ቮልቴጁን በትራንስፎርመር ባስተካክልም በደቂቃ 33 ጊዜ ከሲሶ መዞር የሚገባው ሸክላ ወደ 28 ጊዜ ገደማ ብቻ ይዞር ነበር። ፕላንት የታመመ ሰው መሰለኝ፤ እኔም እትሙን ጠረጠርኩት። በሌላ፣ በአስማሚ በቀጥተኛ ኤሌክትሪክ በሚሠራ ማጫወቻ ስቀይረው ሁሉም ተስተካከለ። ከዚያ በኋላ የቀረው ችግር የአዲስ አበባ የበጋ አቧራ ነው። ከእያንዳንዱ ማድመጥ በፊት በካርቦን ክር ብሩሽ፣ በወር አንድ ጊዜ ደግሞ በዲስቲልድ ውሃና በለስላሳ ጨርቅ አጸዳዋለሁ። የመጀመሪያው ሸክላ እስካሁን ዝም ያለ ነው፤ በ«ታንጀሪን» መግቢያ ላይ ብቻ፣ በራሴ የእጅ መንሸራተት መርፌው የጫረው አንድ ቦታ ይንኳኳል።

ወንድሜን ባለ ሁለቱን ሸክላ እትም እንዲፈልግልኝ የለመንኩት ለሁለተኛው ሸክላ ስል ነበር፤ በመጨረሻ በብዛት ያደመጥኩት ግን የመጀመሪያውን ነው። በሁለተኛው ላይ ያሉት አብዛኛዎቹ ያው ዘፈኖች በሌላ ሚክስ ወይም ያለ ድምፃዊ የቀረቡ ናቸው። ድምፃዊ የሌለበት «ፍሬንድስ» የጆንስን የገመድ መሣሪያዎች ቅንብር ገልጦ ስለሚያሰማ ይማረክበታል፤ «ጄኒንግስ ፋርም ብሉዝ» የተባለውም በኋላ «ብሮን-ዋይ-ኦር ስቶምፕ» የሆነው ዜማ በኤሌክትሪክ ጊታር ምን ይመስል እንደነበር ያሳያል፤ ግን አንዴ ከታወቁ በኋላ እጄ ደጋግሞ አልሄደላቸውም። በዚያው ዘመን ለነጠላ ሸክላ ጀርባ የተቀረጸው «ሄይ፣ ሄይ፣ ዋት ካን አይ ዱ» ደግሞ ቦታው እዚህ መሆን ሲገባው አልተካተተም፤ ከዳግም እትሞቹ መካከል የተካተተው እ.ኤ.አ. በ2015 በወጣው የቡድኑ «ኮዳ» አልበም ዳግም እትም ውስጥ ነው። ስለዚህ ገንዘቡ ለሚያሳስበው ሰው ባለ አንድ ሸክላው እትም በቂ ነው እላለሁ፤ ድምፁም ሽፋኑም ያው ነው።

ይህን ምክር የሚያከብድብኝ አንድ ቅጂ ብቻ አለ። በሁለተኛው ሸክላ መጨረሻ ላይ ፔጅና ፕላንት ለሁለት ብቻ ሆነው «ኪ ቱ ዘ ሃይዌይ» እና «ትራብል ኢን ማይንድ» የተባሉትን ሁለት የቆዩ የብሉዝ ዘፈኖች አያይዘው ይጫወታሉ። ጊታር፣ ሃርሞኒካና በአምፕሊፋየር ውስጥ አልፎ የሚንቀጠቀጥ የሰው ድምፅ እንጂ ሌላ ምንም የለም። አልበሙን የሚዘጋው «ሃትስ ኦፍ ቱ ሮይ ሃርፐር»ም ከብሉዝ ዘፋኙ ቡካ ዋይት ዜማ ተነሥቶ በዚሁ መንገድ፣ በሁለቱ ብቻ የተሠራ ነው። አሁን አሁን የመጀመሪያው ሸክላ ሁለተኛ ገጽ ሲያልቅ መርፌውን አንሥቼ፣ ሸክላውን ለውጬ፣ በቀጥታ ወደዚያ የመጨረሻ ቅጂ እወስደዋለሁ። አልበሙ ለእኔ አሁን የሚያልቀው እዚያ ነው።