ደንገጎ ላይ 106 ዲግሪ፦ ሳቢያን የተሠራው የኮሮላዬ ኮምፒውተር

ከድሬዳዋ ወደ ሐረር የሚወስደውን የደንገጎ ዳገት እየወጣሁ ነበር። አራት ሰው ጭኛለሁ፣ ኤሲ ተከፍቷል፣ ከፊቴ የተጫነ አይሱዙ በአንደኛ ማርሽ ይንፏቀቃል። የዳሽቦርዷ የሙቀት መርፌ እንደ ወትሮዋ መሃል ላይ ናት። ትንሿ ስክሪን ግን 98፣ ቀጥላ 101፣ ቀጥላ 104 አለች። 106 ላይ ጮኸች። ኤሲውን አጥፍቼ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ከፈትኩ፣ ሰፊ ቦታ ሳገኝ ዳር ይዤ ቆምኩ። መርፌዋ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ንቅንቅ አላለችም።

ይቺን ስክሪን የገጠመልኝ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ በቤተሰቦቹ ግቢ የሚሠራ ወጣት ነው። ታፔላ የለውም፣ ሰው ለሰው እየነገረ ነው የሚገኘው። መጀመሪያ የሄድኩት ስለ ነዳጅ ልጠይቀው ነበር። እሱ ሞተሩን አስነሥቶ ትንሽ ካዳመጠ በኋላ «አቦ፣ አንተ መርፌዋን ነው የምታምነው?» አለኝ። በልጅነት ዕድሜው «አንተ» ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ድሬ ነዋ። ከዚያ መርፌዋ ከ80 ዲግሪ ገደማ ጀምሮ እስከ 100 እና ከዚያም በላይ አንድ ቦታ እንድትቆም ተደርጋ እንደምትሠራ፣ ሹፌር በየዳገቱ እንዳይደናገጥ ተብሎ እንደሆነ አስረዳኝ። ሃያ ዓመት ነድቼ ይህንን የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሥራው እንዲህ ነው። ከመሪው ሥር 16 ቀዳዳ ያላት ሶኬት አለች፤ መካኒኮች ማሽን የሚሰኩባት ናት። በፈረንጆቹ አቆጣጠር አሜሪካ ከ1996 ጀምሮ፣ አውሮፓ ደግሞ ለቤንዚን መኪኖች ከ2001 ጀምሮ አስገድደውታል፤ የኔ ኮሮላ ከአውሮፓ የመጣች የ2003 ስለሆነች አላት። እዚያ ላይ አንባቢ ይሰካል፤ አንባቢው የሞተሩን ኮምፒውተር እየጠየቀ መልሱን ለራስበሪ ፓይ ያቀብላል። ራስበሪ ፓይ መዳፍ ላይ የምታርፍ ሙሉ ኮምፒውተር ናት። ፕሮግራሙን ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፈው ራሱ ነው፤ ስክሪኑ ላይ የሚታየውም በአማርኛ ነው፦ የውሃ ሙቀት፣ የሞተር ዙር፣ የባትሪ ቮልት፣ የነዳጅ ማስተካከያ። የኔ መኪና ከአንባቢው ጋር በአሮጌው የመረጃ መስመር ስለምታወራ ቁጥሮቹ ትንሽ እየዘገዩ ነው የሚቀያየሩት። ለውሃ ሙቀት በቂ ነው።

ከሁሉ የወደድኩት ግን ከመኪናው ያልመጣውን ነው። ጥፍር የምታክል የአየር ግፊት መለኪያ ጨመረልኝ። ድሬ ከዚራ ሰፈር ስነሣ 88 ኪሎፓስካል አካባቢ ታሳያለች፤ ዳገቱን ወጥቼ ዓለማያ ስደርስ 80 ገደማ ትሆናለች። ከ1,200 ሜትር ወደ 2,000 ሜትር ስንወጣ ሞተሩ የሚተነፍሰው አየር ግፊት በአሥር በመቶ ገደማ ወረደ ማለት ነው። «ዳገቱ ላይ መኪናዬ ትደክማለች» እያልኩ ካንዴላ ያስቀየርኩባቸው ጊዜያት ትዝ አሉኝ።

የ106ቱ ምክንያትም ከዚሁ ከፍታ ጋር ይገናኛል። ዓለማያ ላይ ውሃ ክፍት ድስት ውስጥ የሚፈላው በ93 ዲግሪ ገደማ ነው። ራዲያተር ውስጥ ቶሎ የማይፈላው ክዳኑ ግፊት ስለሚይዝለትና ከውሃው ጋር የማቀዝቀዣ ፈሳሽ (ኩላንት) ስለተደባለቀ ነው። የኔ ክዳን ላስቲኩ ደርቆ ግፊቱን አይይዝም ነበር፣ ውሃው በየጉዞው ትንሽ ትንሽ እያመለጠ ጎድሏል። ከዚያ በፊት አንድ ጋራዥ ቴስታታው፣ ማለትም የሞተሩ የላይኛ ክፍል፣ ይውረድ ብሎኝ ብር እያሰባሰብኩ ነበር። ክዳኑ ተቀየረ፣ ፈሳሹ ተሞላ። ዛሬ ያንኑ ዳገት ያንኑ ያህል ሰው ይዤ ስወጣ 97 አታልፍም። ቴስታታ ለማስወረድ ያጠራቀምኩት ብር ለልጄ ትምህርት ቤት ሆነ።

ቅሬታዬን አልደብቅም። የመጀመሪያው ወር አስቸጋሪ ነበር። ኤሌክትሪኩን ከሲጋራ መለኮሻው በርካሽ ቻርጀር ስለወሰደው ሞተር ሲነሣ የባትሪው ኃይል ይወርድና ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይነሣል። ቁልፍ ሳጠፋም በድንገት ስለሚቋረጥበት የማስታወሻ ካርዱ ሁለት ጊዜ ተበላሸ፣ የሁለት ሳምንት መዝገብ ጠፋብኝ። ያ መዝገብ አሁንም ይቆጨኛል። ሁለተኛው የድሬ ፀሐይ ነው። ሳጥኑን ዳሽቦርድ ላይ አስቀምጦት በግንቦት ቀትር ለገሃሬ ፀሐይ ላይ ቆሜ ስመለስ ስክሪኑ ጠቁሮ ነበር። ኮምፒውተሩ ራሱ 80 ዲግሪ ሲደርስ ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ሲገጥመው ሊያስብበት ይገባ ነበር ብዬ ፊት ለፊት ነግሬዋለሁ።

ሲያስተካክለው ግን ተጨማሪ ሳንቲም አልጠየቀኝም። ከባትሪው በራሱ ፊውዝ ሽቦ ስቦ፣ 12ቱን ወደ 5 ቮልት የሚያወርድ ጥሩ መቀየሪያ አስገባ፤ ቁልፍ ከጠፋ በኋላም ኮምፒውተሩ በሥርዓት እስኪዘጋ ግማሽ ደቂቃ የሚጠብቅለት ሪሌ ጨመረ። ሳጥኑን ከጎን ወንበር ሥር አወረደው፣ ላይ የቀረችው ስክሪኗ ብቻ ናት፤ ስቆም ነቅዬ ኪሴ እከታታለሁ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልጠፋችም።

ለጉልበት 3,500 ብር ነው የከፈልኩት፣ ዕቃው ለብቻው ነው። ከዚራና መጋላ መሃል ብቻ ለሚነዳ ሰው አስፈላጊ ነው አልልም፤ ስልክ ላይ የሚሠራ ርካሽ አንባቢ ይበቃዋል። ሐረር ለሚመላለስ፣ በተለይ ዕድሜ የጠገበ መኪና ለያዘ፣ ሳያመነታ ያሠራ እላለሁ። ስትሄዱ ግን ሽቦው ከየት እንደሚወሰድና ሳጥኑ የት እንደሚቀመጥ አስቀድማችሁ ጠይቁት።

ሐረር ፔጆ 404 ታክሲ የሚነዳ ወዳጄ ስክሪኗን አይቶ ለእኔም ይግጠምልኝ አለ። ልጁን ጠየቅኩት፤ 404 ውስጥ የሚጠየቅ ኮምፒውተርም ሶኬትም የለም አለኝ። ትንሽ አሰበና ከራዲያተሩ የላይኛ ቱቦ ላይ የሙቀት መለኪያ አስሮ ከዚያችው ሳጥን ጋር ሊያገናኘው እንደሚችል ነገረኝ። እሑድ ፔጆዋ ወደ ድሬ ትወርዳለች።