ፍሪቢኤስዲ በራስፕቤሪ ፓይ 4 ላይ፦ የ13 ወር ቆይታዬ

ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ሳሎናችን ውስጥ፣ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ፣ ራስፕቤሪ ፓይ 4 የተባለች መታወቂያ የምታህል ቦርድ፣ ራሷን የቻለች ትንሽ ኮምፒዩተር፣ ሌት ከቀን ትሠራለች። የቤተሰባችን ፎቶግራፎችና ሰነዶች የተቀመጡት እሷ ላይ ነው። የጎረቤት ልጆች ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉትን የመማሪያ መጻሕፍት በፒዲኤፍ የሚያነቡት ከእሷ ነው፤ በግቢያችን ያለ ስልክ ሁሉ የድረ ገጽ አድራሻ የሚጠይቀውም እሷን ነው። የምትሠራበት ሥርዓተ ክወና ፍሪቢኤስዲ ይባላል፤ ከዩኒክስ ቤተሰብ ነው። እሷን ከመግዛቴ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ቤቱ ያቆየ ሰው በአማርኛ የጻፈውን ፈልጌ አጥቼ ነበርና፣ ዛሬ ጥቅምት 2018 ላይ ሆኜ ያየሁትን እጽፋለሁ።

ቀድሞ ይህን ሥራ የሚሠራልኝ በጨረታ የገዛሁት አሮጌ ዴስክቶፕ ነበር። ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል፤ ከሶኬቱ የሚስበውን ኃይል ስለካው 70 ዋት ገደማ ሆኖ አገኘሁት፤ መብራት በሄደ ቁጥር ደግሞ አብሮ ይሄዳል። ታናሽ ወንድሜ ከዱባይ ሲመጣ «ምን ላምጣልህ?» ቢለኝ ልብስም ጫማም አላልኩም፤ ባለ 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ራስፕቤሪ ፓይ 4 አልኩት። ያኔ መደበኛ ዋጋዋ 55 ዶላር ነበር። የአሉሚኒየም ማቀፊያው፣ ማስታወሻ ካርዱና ኋላ ላይ የገዛሁት ደህና ቻርጀር ሲደመሩ ግን ወጪው ወደ 90 ዶላር ተጠጋ። ቦርዷ ብቻዋን ምንም ስለማትሠራ ይህን አስቀድማችሁ አስሉ።

እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣች ናት። አራት ኮር ያለው ኮርቴክስ ኤ72 ፕሮሰሰር በ1.5 ጊጋኸርዝ ይሠራባታል፤ ጊጋቢት የኔትወርክ መሰኪያና ሁለት ዩኤስቢ 3 አላት። ፕሮሰሰሯ አርም ከሚባለው የቺፕ ቤተሰብ ነው፤ የአርም ቺፕ ኃይል ቆጣቢነት ደግሞ ከውልደቱ የመጣ ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 እንግሊዝ ኬምብሪጅ ውስጥ ኤከርን የተባለው ኩባንያ የመጀመሪያውን ቺፕ ሲሞክር፣ የኃይል መለኪያው ዜሮ እያሳየ ቺፑ ግን ሥራውን ይሠራ ነበር። መሐንዲሶቹ ሲመረምሩ የኃይል መስመሩ ጨርሶ አልተገናኘም፤ ቺፑ በምልክት ሽቦዎቹ በኩል ከሌሎቹ ክፍሎች ሾልኮ በሚመጣው ኤሌክትሪክ ብቻ ነበር የሚሠራው። ራስፕቤሪ ፓይም የዚያችው ከተማ ልጅ ናት። የእኔዋ ሥራ ስትፈታ የምትወስደው 3 ዋት አካባቢ ነው፤ ስትጨናነቅም ከ6 እምብዛም አታልፍም። ከ70 ዋት ወደዚህ መውረድ ለቤታችን ትልቅ ነገር ነው።

ለዚህች ቦርድ የተለመደው ሥርዓተ ክወና ሊኑክስ ነው፤ እኔም ሊኑክስን እወዳለሁ። ፍሪቢኤስዲን የመረጥኩት ከርነሉም (የሥርዓተ ክወናው እምብርት)፣ መሠረታዊ ትዕዛዞቹም፣ መመሪያ መጽሐፉም በአንድ ፕሮጀክት እጅ ስለሚዘጋጁ ነው። ከበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ዩኒክስ የወረሰውን ይዞ እ.ኤ.አ. ከ1993 ጀምሮ በፈቃደኞች ሲሠራ የኖረ ነው። ልቤን የቆረጠው ግን ሌላ ጉዳይ ነበር። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2021 በወጣው የፍሪቢኤስዲ 13.0 እትም ባለ 64 ቢት አርም ወደ አንደኛ የድጋፍ ደረጃ ከፍ ብሏል፤ ይህም ማለት የደኅንነት ማስተካከያዎች ተጠናቀው የተዘጋጁ ሆነው ይመጣሉ ማለት ነው። በዚህች ትንሽ ቦርድ ላይ ሙሉውን ሲስተም ከምንጭ ኮዱ መገንባት ግዴታ ቢሆን ኖሮ አልሞክረውም ነበር።

መጫኑ ከገመትኩት ቀለለኝ። ለራስፕቤሪ ፓይ የተዘጋጀውን የ14.1 እትም ምስል (ሙሉው ሲስተም ያለበትን ፋይል) ካርዱ ላይ ጻፍኩ፣ ካርዱንና የኔትወርክ ኬብሉን ሰካሁ፣ አበራሁ። ሲስተሙ በመጀመሪያው መነሣቱ ራሱን እስከ ካርዱ ጫፍ ያሰፋል። ከዚያ በላፕቶፔ በኤስኤስኤች (ከሌላ ኮምፒዩተር በኔትወርክ ገብቶ ትዕዛዝ መስጫ መንገድ) ገባሁ። አደራ የምለው፦ ምስሉ ዓለም ሁሉ የሚያውቀው የተጠቃሚ ስምና የይለፍ ቃል ይዞ ነው የሚመጣው፤ የዋናው አስተዳዳሪም እንዲሁ። ሌላ ምንም ከመንካታችሁ በፊት ሁለቱንም ቀይሩ።

ቦርዷ ላይ ያለው ዋይፋይ በፍሪቢኤስዲ አይሠራም፤ ሾፌር (መሣሪያውን የሚያሠራ ፕሮግራም) የለውም። ለእኔ አልጎዳኝም፤ ራውተሩ አጠገቧ ስላለ በኬብል ተያይዘዋል። ኬብል መዘርጋት የማይችል ሰው ግን የሚደገፍ የዩኤስቢ ዋይፋይ መፈለግ አለበት። በስክሪን ፋንታ ደግሞ የዩኤስቢ ሲሪያል ኬብል ገዛሁ። 6ኛው፣ 8ኛውና 10ኛው ፒን ላይ ሰክቼ በ115200 ፍጥነት ስከፍተው ቦርዷ ከመጀመሪያው ፊደል ጀምሮ የምትናገረውን ሁሉ አነባለሁ። ኬብሉ የ3.3 ቮልት መሆኑን አረጋግጡ፤ የ5 ቮልቱ ፒኖቹን ያበላሻል። ኔትወርኩ የተበላሸ ቀን የሚቀራችሁ በር ይህ ብቻ ነው።

የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወራት ያመረረብኝ ኃይል ነው። ገንዘብ ላድን ብዬ ቤት በተገኘ የስልክ ቻርጀር ጀምሬ ነበር። ቦርዷ በ5 ቮልት እስከ 3 አምፒር ትፈልጋለች። የስልክ ቻርጀር ጭነት ሲበዛበት ቮልቴጁን ይለቀዋል፤ የቀረውን ደግሞ ቀጭኑ ኬብል መንገድ ላይ ይበላዋል። ብዙ ፋይል ባስተላለፍኩ ቁጥር ቦርዷ ዝም ብላ ጠፍታ ትነሣ ጀመር። ጥፋቱን በፍሪቢኤስዲ ላይ አደረግሁ። ሌሊት ሌሊት የሲስተሙን መዝገቦች አነበብኩ፣ የከርነል ቅንብሮች ነካካሁ፣ ወደ ሊኑክስ ልመለስ ሁሉ አስቤ ነበር። አንድ ማታ የሳሎኑን መብራት ሳጠፋ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ቀይ ብርሃን ሲርገበገብ አየሁ። ቮልቴጁ ከ4.63 በታች በወረደ ቁጥር ያ ቀይ መብራት ይጠፋል፤ ነገሩን ስትነግረኝ ከርማለች፣ እኔ ግን ጀርባዋን አላየሁም። ደህና ቻርጀር ከሰካሁላት ወዲህ በራሷ ጠፍታ አታውቅም።

መብራት ሲሄድስ? በመጀመሪያ ፓወር ባንክ መሐል አስገባሁ። ፓወር ባንኩ ከግድግዳው ኃይል ወደ ባትሪው ሲዞር ለቅጽበት ያቋርጣል፤ ያቺ ቅጽበት ቦርዷን ለማጥፋት ትበቃለች። በመጨረሻ የፈታልኝ ለራውተር የሚሸጠው ዓይነት ሚኒ ዩፒኤስ (ሳያቋርጥ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ነው፤ 5 ቮልት በ3 አምፒር የሚያወጣውን መርጬ። አሁን ከአራት ሰዓት በላይ ይይዛታል። ከዚያ በላይ የጠፋ ቀን ቦርዷም ትጠፋለች፤ መብራት ሲመጣ የፋይል ሥርዓቱ በጆርናሉ (የለውጦች መዝገቡ) ራሱን አስተካክሎ በሰኮንዶች ይነሣል።

አራተኛው ወር ላይ ካርዱ ሞተ። አሟሟቱ ተንኮለኛ ነበር። ፋይል እጽፋለሁ፣ ይቀበለኛል፣ መልሼ ሳነበው አለ፤ ቦርዷን አጥፍቼ ሳስነሣ ግን የቀድሞው ነገር ተመልሶ ይጠብቀኛል። ካርዱ መጻፍ አቁሟል፣ ነገር ግን አልተናገረም። እንዲህ ያለ ካርድ በየደቂቃው ጥቃቅን መዝገብ ለሚጻፍበት ሥራ አልተፈጠረም። ጊዜያዊ ፋይሎችን ወደ ሜሞሪ ማዛወርና ፋይል በተነበበ ቁጥር ሰዓቱን መመዝገብ ማስቀረት ዕድሜውን ያረዝማሉ፤ ሁለቱንም ከመጀመሪያው ቀን ማድረግ ነበረብኝ። ሌት ከቀን ለምትሠራ ቦርድ ግን መድኃኒቱ ኤስኤስዲ የተባለው ፈጣን ዲስክ ነው።

በዩኤስቢ 3 በኩል ኤስኤስዲ አገናኘሁና ማስነሻውን ከነከርነሉ በአዲስ ካርድ፣ ሌላውን ሁሉ በኤስኤስዲው አደረግሁ። ሠራ፤ ፍጥነቱም ደስ አሰኘኝ። በካርዱ ጊዜ ማሻሻያ ሲጫን ሌሊቱን ይፈጅ ነበር፤ አሁን ከአንድ ሰዓት በታች ነው። ግን ለራሴ ወጥመድ አጥምጄ ነበር። የካቲት ላይ ወደ 14.2 ስሸጋገር የተጫነው ከርነል 14.2 ይላል፣ የሚሠራው ከርነል ግን አሁንም 14.1 ነው። ሦስት ጊዜ አስነሣሁት፤ ያው ነው። ማሻሻያው አዲሱን ከርነል ኤስኤስዲው ላይ አስቀምጧል፣ ቦርዷ ግን የምትነሣው ካርዱ ላይ ባለው አሮጌ ከርነል ነው። በመጨረሻ የቦርዷን ማስነሻ ፕሮግራም አሳድሼ በቀጥታ ከዩኤስቢ እንድትነሣ አደረግኋትና ካርዱን አወጣሁት። እናንተ ይህን ከመጀመሪያው አድርጉት። ከኤስኤስዲ ማገናኛዎች መካከል ቦርዷ ስትነሣ የማይታዩ እንዳሉም እወቁ፤ እኔ ሁለተኛውን ገዝቼ ነው የተሳካልኝ።

ከሁሉ ይልቅ ያስተማረችኝ ግን የሰዓቷ ነገር ናት። ራስፕቤሪ ፓይ 4 በባትሪ የሚሠራ ሰዓት የላትም። ስትጠፋ ጊዜውን ትረሳለች፤ ስትነሣ ከፋይል ሥርዓቱ ላይ የመጨረሻውን ሰዓት ታነባለች፣ ቀጥላ ከኢንተርኔት ትጠይቃለች። ለአጭር ጊዜ ከሆነ ማንም አያስተውለውም። የ2017 ፋሲካን ወላጆቼ ዘንድ ልናሳልፍ ስንሄድ ሁሉንም ነገር ከሶኬት ነቅዬ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመልሰን አስነሣኋት። ወዲያው የጎረቤቴ ልጅ በሩን አንኳኳ።

«ጋሼ፣ እንኳን በሰላም መጣችሁ። ኢንተርኔቱ አልከፍት አለኝ እኮ፤ ፈተና ደርሶብኛል።»

«ና ግባ፣ አብረን እንየው» አልኩት።

መስመሩ ደህና ነው። አድራሻውን በቁጥር ስንጽፈው ይደርሳል፤ በስም ስንጠይቅ ግን መልስ የለም። ስሞችን የሚፈታልን ቦርዷ ላይ የጫንኩት አንባውንድ የተባለው ፕሮግራም ነው፤ እያንዳንዱ መልስ እውነተኛ መሆኑን በዲጂታል ፊርማው ያረጋግጣል። ፊርማው ደግሞ የሚጸናበት ቀን አለው። የቦርዷ ቀን ገና ጉዞ በወጣንበት ዕለት ላይ ቆሟል፤ ስለዚህ ትኩስ ፊርማዎች ሁሉ ገና ካልደረሰ ቀን የመጡ መስለው ታዩዋትና አንድ በአንድ መለሰቻቸው። ሰዓቷን ለማስተካከል የሰዓት ሰጪውን ሰርቨር ስም መፍታት አለባት፤ ስሙን ለመፍታት ደግሞ ትክክለኛ ሰዓት ያስፈልጋታል። ልጁ ነገሩ ሲገባው ዓይኑ በራ፤ «ታዲያ በእጃችን እንሙላላታ!» አለ። ሞላንላት፣ ሁሉም ነገር ተከፈተ።

ዘላቂው መፍትሔ ዲኤስ3231 የተባለ ትንሽ የሰዓት ሞጁል ነው፤ የሳንቲም ባትሪ አለው፣ በዓመት ቢዛነፍ ከአንድ ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ሾፌሩ ፍሪቢኤስዲ ውስጥ አለ። አራት ሽቦ አገናኝቼ የማዋቀሪያ ፋይሎቹ ላይ ጥቂት መስመሮች ጨመርኩ። ይህን ሞጁል ከቦርዷ ጋር በአንድ ቀን ግዙት፤ መብራት በሚጠፋበት ቤት ውስጥ ከማቀፊያው ይቀድማል።

ስለ ሥርዓተ ክወናው ራሱ የምጽፈው ያነሰ ነው፤ ምክንያቱም አላስቸገረኝም። በ13 ወር ውስጥ ያጋጠመኝ ችግር ሁሉ ከቻርጀሩ፣ ከካርዱ፣ ከሰዓቱ ወይም ከራሴ አሠራር የመጣ ነው። አንድ ነገር ሲጠፋኝ መመሪያ መጽሐፉን እከፍታለሁ፤ የተጻፈውና ፊቴ ያለው ሲስተም አንድ ዓይነት ናቸው። ይህን ደስታ ያላየ ሰው የማጋንን ሊመስለው ይችላል። ፕሮግራሞችን በየክፍላቸው ለይቶ የሚዘጋው ጄይል የሚባለው ነገር እ.ኤ.አ. በ2000 ከ4.0 ጋር የመጣ ነው፤ ድረ ገጹን በአንዱ ክፍል፣ የኮድ ማኅደሬን በሌላው ዘግቼ አስቀምጫለሁ፤ አንዱ ቢበላሽ ሌላውን አይነካም። ዜድኤፍኤስ የተባለው የፋይል ሥርዓት ለፎቶግራፎቹ ነው፤ ለራሱ የሚይዘውን ሜሞሪ በ512 ሜጋባይት ወስኜ ከሌላው ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ልጄ የአክስቱን የሠርግ ፎቶዎች በሙሉ የሰረዘ ቀን፣ የማለዳውን ቅጂ በአንድ ትዕዛዝ መለስኩ። እህቴ እስከ ዛሬ አላወቀችም።

አማርኛም ተረስቶ አልቀረም። የቋንቋ ቅንብሩን ወደ አማርኛ ስለውጠው ቀኑን ስጠይቅ «ማክሰኞ» እያለ ይመልስልኛል፤ ወሮቹ ግን የፈረንጆቹ ናቸው። ፋይሎቼን በፊደላችን እሰይማለሁ፣ አንድም አልተበላሸም። ስክሪን በቀጥታ ስትሰኩ ብቻ ፊደላችን አይታይም፤ ከላፕቶፕ በኤስኤስኤች ሲገባ በደንብ ይታያል።

ሙቀት አላስቸገረኝም። አዲስ አበባ ውስጥ በአሉሚኒየም ማቀፊያ፣ ያለ ማራገቢያ፣ ከ52 ዲግሪ በላይ ያየሁባትን ቀን አላስታውስም፤ ፍጥነቷን መቀነስ የምትጀምረው 80 ላይ ነው። ፓኬጆችም (የሚጫኑ ፕሮግራሞች) የምፈልጋቸው ከሞላ ጎደል ሁሉም ተዘጋጅተው አሉ። አንዱን ብቻ ከምንጭ ኮዱ ልገነባ ሞክሬ ማታ የጀመረው ጠዋትም አላለቀም።

ካሜራ ልታገናኙባት፣ ፊልም ልታዩባት ወይም ከተለያዩ ተጨማሪ ሰሌዳዎች ጋር ልትሠሩ ከሆነ ፍሪቢኤስዲን አትጫኑባት። የቪዲዮ ማፋጠኛው አይሠራም፤ የተጨማሪ ሰሌዳዎቹ ፕሮግራሞችም በአብዛኛው ለሊኑክስ የተጻፉ ናቸው። ለዚያ ሥራ የራሷ ሊኑክስ ይሻላል፤ ይህን ስል ቅር አይለኝም። ቤት ውስጥ ተቀምጦ በጸጥታ የሚያገለግል ሰርቨር ለሚፈልግና ሲስተሙን ከሥር መሠረቱ ማወቅ ለሚወድ ሰው ግን በሙሉ ልቤ እመክራታለሁ።

ወንድሜ ለገና ይመጣል። ሁለተኛ ቦርድ፣ ደህና ቻርጀርና የሰዓት ሞጁል አዝዤዋለሁ። እሷ ወላጆቼ ቤት ትቀመጣለች፤ የዚህኛዋ የፎቶግራፍ ማኅደር በየሌሊቱ በዜድኤፍኤስ በኩል ወደዚያ ይላካል።