በጅማ የተሰጠው የእምነት ነፃነት ሥልጠና

በሄርማታ አካባቢ በሚገኝ አነስተኛ አዳራሽ የተሰጠው፣ ሂውማኒስቶች (ያለ ሃይማኖት፣ በምክንያትና በሰብዓዊነት ሕይወታቸውን የሚመሩ ሰዎች) በተባበሩት መንግሥታት መድረኮች ስለ ሴኩላሪዝም (የመንግሥትና የሃይማኖት መለያየት) እና ስለ እምነት ነፃነት የሚያደርጉትን ሙግት የሚያስረዳው ሥልጠና፣ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብተው ለሚኖሩባት ጅማ እጅግ ተፈላጊ ነው። አሠልጣኟ የሂውማኒስት ማኅበራት ዓለም አቀፍ ኅብረት የሆነው ሂውማኒስትስ ኢንተርናሽናል በ1952 እ.ኤ.አ. በአምስተርዳም መመሥረቱን በአጭሩ ካነሡ በኋላ፣ አብዛኛውን ሰዓት ለዓለም አቀፉ የሲቪልና የፖለቲካ መብቶች ቃል ኪዳን አንቀጽ 18 ሰጡ፤ የቃል ኪዳኑን አፈጻጸም የሚከታተለው የሰብዓዊ መብቶች ኮሚቴ በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጣው አጠቃላይ ትንታኔ ቁጥር 22፣ አንቀጹ አማኙን ብቻ ሳይሆን በፈጣሪ የማያምነውንም ጭምር እንደሚጠብቅ ማስፈሩን አስረዱን። ይህን የመንግሥትና የሃይማኖትን መለያየት እንዲሁም የእምነት ነፃነትን ከሚደነግጉት የሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 11 እና 27 ጋር ማገናዘባቸው በእኔ አመለካከት የሥልጠናው ዋነኛ ብርታት ነው፤ መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ አለመግባቱ፣ ሂውማኒስቱን ብቻ ሳይሆን ምእመኑንም ይጠብቃልና። በጄኔቫው የሰብዓዊ መብቶች ምክር ቤት የማኅበራት ተወካዮች የሚናገሩት በጥቂት ደቂቃ ተወስነው ስለሆነ፣ አንድ ወጣት ሃይማኖትን በመንቀፍ ስለሚከሰሱ ሰዎች ያዘጋጀውን ጽሑፍ ሰዓት ተይዞበት አነበበ፤ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ ካሳጠረው በኋላ ፍሬ ነገሩ ጠርቶ ወጣ። የታደለው ጽሑፍ ግን በአማርኛ ብቻ መሆኑ ትልቅ ጉድለት ነው፤ ለቀጣዩ ዙር በአፋን ኦሮሞም ሊዘጋጅ ይገባል።