ለፒካፕ ሻንሲ ማጠናከሪያ ብየዳ ይሻላል ወይስ ብሎን? በሁለት የባሕር ዳር ጋራዦች የታየ

ከፎገራ ሜዳ ሩዝና ሽንኩርት ወደ ባሕር ዳር የማመላልስበት ባለ አንድ ጋቢና ቶዮታ ሃይሉክስ፣ ባለፈው ዓመት ግንቦት ላይ ሻንሲው (መኪናውን የሚሸከመው የብረት አጽም) ከጋቢናው ጀርባ፣ የኋላው ባሌስትራ (ተደራራቢው የብረት ሞላ) የፊት ጫፍ በሚታሰርበት ቦታ ተሰንጥቆ ተገኘ። ያገኘሁት እኔ ሳልሆን ጎማ ሊቀይር ከሥር የገባ ልጅ ነው፤ «ጋሼ፣ ይሄ ጭረት አይመስለኝም» ብሎ ጠራኝና ጭቃውን በጨርቅ ጠርገን ስናየው፣ ከታችኛው ጠርዝ ተነሥቶ ሁለት ጣት ያህል ወደ ላይ የወጣ ስንጥቅ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ይኸው መኪና በሁለት ጋራዦች በሁለት የተለያዩ መንገዶች ተሠርቷል፤ በመጀመሪያው የማጠናከሪያ ብረት ተበይዶበታል፣ በሁለተኛው ደግሞ በብሎን ታስሮበታል። የምገመግመው አሠራሩን ስለሆነ የጋራዦቹን ስም አልጠቅስም።

ለስንጥቁ በመጀመሪያ ተጠያቂው እኔ ነኝ። አንድ ቶን ገደማ፣ ማለትም 10 ኩንታል ያህል እንዲሸከም በተሠራ መኪና 14 እና 15 ኩንታል ስጭን ኖሬአለሁ፤ የኋላው ሲወርድብኝም ጭነቱን ከመቀነስ ይልቅ ለባሌስትራው ተጨማሪ ብረት አስገባሁለት። ብረት የተጨመረበት ባሌስትራ መኪናውን ከፍ አድርጎ ጤነኛ ያስመስለዋል፤ ነገር ግን ቀድሞ እየተለጠጠ ያለዝበው የነበረውን ምት በቀጥታ ባሌስትራው ወደሚታሰርበት ማንጠልጠያና ወደ ሻንሲው ያስተላልፋል። ከባሕር ዳር ፎገራ ሜዳ ላይ እስካለችው ወረታ ያለው 60 ኪሎ ሜትር ገደማ አስፋልት ይህን ያህል አይጎዳም፤ የሚጎዳው ከአስፋልቱ ወጥቶ ወደ ሩዝ ማሳዎቹ የሚገባው የጥቁር አፈር መንገድ ሲሆን፣ እርሱም አንዱን ጎማ አንሥቶ ሌላውን እየቀበረ ሻንሲውን እንደታጠበ ልብስ ይጠመዝዘዋል።

የመጀመሪያው ጋራዥ ሥራውን በአንድ ከሰዓት በኋላ ጨረሰ፤ ዋጋውም ቀላል ነበር። በያጁ ስንጥቁን በግራይንደር ሳይከፍት ከላዩ በየደው፤ ቀጥሎም ከሻንሲው ግድግዳ የወፈረ ባለ አራት ማዕዘን ብረት ለጥፎ ዙሪያውን በሙሉ በየደ። የባትሪውን ገመድ የፈታሁት እኔ ነኝ፤ እንደታሰረ ቢበየድ ኖሮ የዳይናሞውም ሆነ ሌላው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሊቃጠል ይችል ነበር። መብራቱ በመሐል እየደከመ ስለነበር ኤሌክትሮዱ (እየቀለጠ የሚበይደው ዘንግ) በየጊዜው ይጣበቅ ነበር፤ ይህም ብየዳው ወደ ብረቱ ውስጥ ሳይገባ ላዩ ላይ ብቻ እንደሚቀር ምልክት መሆኑን ያን ጊዜ አላወቅሁም። ጥቁር ቀለም ተቀብቶ ሲወጣ ያማረ ነበርና ረክቼ ከፈልሁ።

መስከረም ላይ ሁለተኛ ስንጥቅ ተገኘ። ይህኛው የበቀለው በብየዳው ላይ ሳይሆን ከብየዳው መስመር አጠገብ፣ በጣት ስፋት ርቀት ላይ ነበር፤ ለምን እዚያ እንደሆነ መረዳት ደግሞ የዚህ ሁሉ ጉዳይ ቁልፍ ነው። ብረት ሲበየድ ከመስመሩ ግራና ቀኝ ያለው ክፍል ሳይቀልጥ በኃይል ይግልና ይቀዘቅዛል፤ በዚህም ጠባዩ ይለወጣል፣ ለመሰንጠቅም የቀረበ ይሆናል። በዚህ ላይ የተለጠፈው ብረት ከሻንሲው የወፈረ በመሆኑ፣ የተጠናከረው ክፍል አልታጠፍ ሲል መታጠፉ በሙሉ ብረቱ በሚያልቅበት መስመር ላይ ተሰበሰበ። የከፋው ጥፋት ግን ከላይ ወደ ታች የተሰመረው ብየዳ ነው፤ ሻንሲው የሚለጠጥበትን አቅጣጫ አግድሞ የሚያቋርጥ የብየዳ መስመር፣ «እዚህ ጋ ቁረጡ» ተብሎ እንደተሰመረ መስመር ይቆጠራል። ይህን የሚያውቁ በያጆች የማጠናከሪያውን ጫፎች እንደ ጦር ጫፍ አሹለው ይቆርጡና ብየዳውን በሻንሲው ርዝመት አቅጣጫ ብቻ ያስኬዳሉ።

ስለዚህ ብየዳ በራሱ ይረባል ወይም አይረባም ማለት አይቻልም። በሥርዓት ከተሠራ፣ የተበየደ ማጠናከሪያ ከሻንሲው ጋር አንድ አካል ስለሚሆን የሚላላ ነገር የለውም። ችግሩ ሥርዓቱ ብዙ መሆኑ ነው። ስንጥቁ በሚያበቃበት ጫፍ ላይ ትንሽ ቀዳዳ በትራፓኖ (በኤሌክትሪክ መብሻ) ተበስቶ እንዳይቀጥል ይደረጋል፤ ከዚያ በግራይንደር ተከፍቶ እስከ ውስጡ ይበየዳል። ለዚህ ሥራ የሚመከረው ኤሌክትሮድ በተለምዶ 7018 የሚባለው ነው፤ እርሱ ደግሞ እርጥበት ከጠጣ ጥቅሙ ወደ ጉዳት ይለወጣል፣ ከእርጥበቱ የሚወጣው ሃይድሮጅን ወደ ብየዳው ገብቶ ብረቱን ከቀዘቀዘ በኋላ ሊሰነጥቀው ይችላልና። በሐምሌ፣ ጣና ዳር፣ ካርቶኑ ተከፍቶ በቆርቆሮ ጋራዥ መደርደሪያ ላይ የሰነበተ ኤሌክትሮድ ምን ያህል ደረቅ እንደሚሆን አንባቢው ይፍረድ። የማድረቂያ ምድጃ ያለው በያጅ ያገኘ ሰው ያለስጋት ያስበይድ፤ እኔ ግን በጠየቅሁባቸው ቦታዎች አላገኘሁም።

ሁለተኛውን ጋራዥ የሚመሩት በ1963 እ.ኤ.አ. በሶቪየት ኅብረት ትብብር በተቋቋመው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ የተማሩ አዛውንት ናቸው። መጀመሪያ ያሉኝ፣ ብሎን ስንጥቅ እንደማይጠግን ነው፤ የተሰነጠቀው የግድ መበየድ አለበት፣ ምርጫ ያለው ከዚያ በኋላ በሚጨመረው ማጠናከሪያ ላይ ብቻ ነው። የቀድሞውን ብረት በግራይንደር አስነሡ፤ ሁለቱንም ስንጥቆች ከፍተው አስበየዱ፤ ከዚያ በሻንሲው የውጭ ጎን ላይ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ ጫፎቹ የሾሉ ብረት በስድስት ብሎኖች አሰሩ። ቀዳዳዎቹ የተበሱት በጎኑ ግድግዳ መሐል እንጂ ጭነቱ በሚበረታበት በላይኛው ወይም በታችኛው ገጽ ላይ አይደለም። የእኔ መኪና ሻንሲ ውስጡ ባዶ ሳጥን ስለሆነ፣ ብሎኑ ሲጠብቅ ሁለቱን ግድግዳዎች ወደ ውስጥ ስቦ እንዳያጨማድዳቸው በእያንዳንዱ ቀዳዳ ውስጥ በልኩ የተቆረጠ ቱቦ ገብቶ ዳር ዳሩ ተበይዷል። በብሎን ታሰረ የሚባለውም ሥራ እንዲህ ጥቂት ብየዳ አያጣም።

ብሎኖቹ 12 ሚሊ ሜትር፣ ራሳቸው ላይ 8.8 የተጻፈባቸው ናቸው። የመጀመሪያው 8 ብሎኑ በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 800 ኒውተን ያህል እስኪደርስ እንደማይበጠስ ይናገራል፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው 8 ደግሞ የዚህ 80 በመቶ እስኪደርስ፣ ማለትም እስከ 640 ድረስ፣ ተለጥጦ እንደማይቀር ያመለክታል። በገበያ ላይ ምንም ያልተጻፈበት ብሎን በርካሽ ይሸጣል፤ ለካሶኒ በር ይሆን ይሆናል፣ ለሻንሲ ግን አይሆንም። በእነዚህ ብሎኖች ላይ ዋናው ነገር መጥበቃቸው ነው፤ ሸክሙን የሚያስተላልፈው በዋናነት ብሎኑ ሳይሆን ሁለቱ ብረቶች ተጨብጠው የሚፈጥሩት ሰበቃ ነውና። ጋራዡ ቶርክ ሬንች፣ ማለትም የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ፣ አለው፤ እያንዳንዱ በ80 ኒውተን ሜትር ተጠብቆ በዳዶውና በብረቱ ላይ አንድ ነጭ የቀለም መስመር ተሰመረበት። ከ500 ኪሎ ሜትር በኋላ ስመለስ የሁለቱ መስመር ትንሽ ተዛብቶ ነበር፤ በአምስት ደቂቃ ተጠበቁ። አዛውንቱ ያን ቀን፣ «ብሎን ሲላላ ታየዋለህ፤ ብየዳ ውስጡ ሲበላሽ ግን የምታየው ሲሰበር ነው» አሉኝ። እኔንም ወደ ብሎን ያደላኝ ይኸው ነው። በዚህ ከተማ የብየዳን ውስጥ የሚመረምርልኝ ስለማላውቅ፣ በዓይኔ ልመረምረው የምችለውን መረጥሁ።

ይህ ፍርድ ለፒካፕና ለጭነት መኪና እንጂ እንደ ቪትዝ ላሉት የቤት መኪኖች አይሠራም። እነርሱ ለብቻው የቆመ ሻንሲ የላቸውም፤ አካላቸው በሙሉ ከቀጭን ላሜራ የተበየደ ስለሆነ በተራ ኤሌክትሮድ መበየድ መብሳት ማለት ነው። ለማጠናከሪያ ተብሎ በፊት አሞርዛተሮቹ አናት መካከል በብሎን የሚታሰረው ብረት አይጎዳቸውም፤ በባሕር ዳር መንገድ ላይ ግን ባለቤቱ ልዩነቱን የሚያውቅ አይመስለኝም።

የሁለተኛው ጋራዥ ሥራም ነቀፌታ አላጣውም። ዋጋው የመጀመሪያውን እጥፍ ይጠጋል፤ በአንድ ቀን ያልቃል የተባለውም አራት ቀን ፈጅቶ የአንድ ሳምንት ገበያ አስቀርቶብኛል። አንዱ ቀዳዳ ከብረቱ ጋር ሳይገጥም ቀርቶ በሞረድ እንዲሰፋ ተደርጓል፤ የሰፋ ቀዳዳ ብሎኑን ለመንቀሳቀስ ስለሚጋብዘው ይህ መደረግ አልነበረበትም። በሁለቱ ብረቶች መካከል ውኃ ገብቶ በማይታይ ቦታ ዝገት ሊጀምር መቻሉም ከብሎን አሠራር የማይለይ ድካም ነው፤ ሁለቱም ፊቶች ከመታሰራቸው በፊት ጸረ ዝገት ቀለም ተቀብተዋል፣ ይበቃል ወይ የሚለውን የሚመልሰው ክረምቱ ነው። በየትኛውም ጋራዥ የሚያሠራ ሰው በሻንሲው ላይ የተመታው ቁጥር በግራይንደርም በቀለምም እንዳይነካ ቆሞ ይጠብቅ፤ ለዓመታዊ ምርመራ ሲቀርብ ያለዚያ ቁጥር ቦሎ ማግኘት ጭንቅ ይሆንበታል።

ዝናቡ ሲያበቃ ማጠናከሪያውን አስፈትቼ ከሥሩ ለማየት ከአዛውንቱ ጋር ተስማምተናል። የእጅ ዋጋ አይጠይቁኝም፤ ናይሎን ያለባቸው ዳዶዎች አንዴ ከተፈቱ በኋላ ዳግም ስለማይታሰሩ ግን ስድስት አዳዲስ ዳዶ ይዤ እንድመጣ አዝዘውኛል።