ብሔራዊ አካባቢ ያለችው ታቱ ቤት፦ ከእናቴ ጋር ሄጄ ያየሁት

የቤቱን ስም አልጽፍም። ባለቤቷ እንዳልጽፍ ለምናኛለች። ባለፈው ዓመት አንዲት ደንበኛ የተነቀሰችውን ቀርጻ ቲክቶክ ላይ ለቀቀች። ሥራው ያማረ ነበር። ኮሜንቱ ግን በስድብና በእርግማን ተሞላ፣ ወሬው ለሕንፃው አከራይ ደረሰና ሴትዮዋን ሊያስለቅቃት ምንም አልቀረውም። ከዚያ ወዲህ በሯ ላይ ታፔላ የለም። ሰው ከሰው ሰምቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አካባቢውን ብቻ ልንገራችሁ፦ ከብሔራዊ ቴአትር ወደ ፖስታ ቤት ሲኬድ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ፣ አንድ አሮጌ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ።

የሄድኩት ጆሮዬን ልበሳ ነው። የታችኛውን አይደለም፤ እሱን ገና ሕፃን ሳለሁ በመርፌና በክር በስተውኛል። የላይኛውን፣ ጠንካራውን ክፍል ነው። ከስድስት ዓመት በፊት ሌላ ቦታ፣ አንድ የውበት ሳሎን ውስጥ፣ ሽጉጥ በሚመስለው መብሻ ሞክሬው ነበር። ጓንት የለ፣ ጥያቄ የለ፣ ቀጭ ሲያደርጉት አለቀ። በሳምንቱ ጆሮዬ ቲማቲም መሰለ። በዚያ በኩል መተኛት አቃተኝና ክሊኒክ ሄጄ ጌጡን አስወጣሁ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ የገባኝ እዚህ ነው። ሽጉጡ ዱልዱሙን ጌጥ በኃይል ይተኩሰዋል። ለስላሳው የጆሮ ጫፍ ይችለው ይሆናል፣ ጠንካራው ክፍል ግን ይደቆሳል። ደግሞ የሽጉጡ አካል አብዛኛውን ጊዜ ፕላስቲክ ስለሆነ የእንፋሎት ማምከኛ ውስጥ አይገባም፤ በአልኮል ወልወል ተደርጎ ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው ይሄዳል።

በዚህ ምክንያት እናቴ «ብቻሽን አትሄጂም» አለችና አብራኝ መጣች። ነጠላዋን እንደ ልማዷ አንገቷ ላይ ጠምጥማ። ስለዚህ ጥምጠማ እመለስበታለሁ።

ቤቱ ጠባብ ነው፤ ሁለት ክፍልና አንድ ኮሪደር። ንጽሕናው ግን ደስ ይላል። ጆሮ የምትበሳው ልጅ ከመጀመሯ በፊት አስቀምጣ ጠየቀችኝ። ስኳር አለብሽ? ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ትወስጃለሽ? ቁስልሽ ሲድን ጠባሳው ያብጣል ወይስ ጠፍጣፋ ይሆናል? ይቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ለእኛ ቆዳ ትልቅ ነገር ናት፤ ጥቁር ቆዳ ላይ ጠባሳ እያደገ ወጣ ብሎ የመቅረት ዕድሉ ከፍ ያለ ነው። ከዚያ በእስክሪብቶ ነጥብ አደረገችና መስታወት ሰጠችኝ። ትንሽ ወደ ላይ አልኳት። አጥፍታ እንደገና አደረገች። አሁንም አልወደድኩትም። ለሦስተኛ ጊዜ ስታደርገው ፊቷ ላይ መሰልቸት አላየሁም።

መርፌው ከነማሸጊያው መጣ። ቀኑን አሳየችኝ፣ እያየሁ ቀደደችው። «ትንፋሽሽን አውጪ» አለችኝ፣ ሳወጣ አለቀ። መርፌው ወዲያው ክሊኒክ ውስጥ የምናውቀው ቢጫው ሴፍቲ ቦክስ ውስጥ ጠቅ ብሎ ገባ። ጌጡ ቲታኒየም ነው፤ ሲያብጥ እንዳያንቀው ሆን ተብሎ ረዘም ያለ። ከስድስት ሳምንት በኋላ ተመልሼ በአጭር ይቀይሩልኛል፣ ያለ ተጨማሪ ክፍያ። እቤት የማደርገው በቀን ሁለት ጊዜ በ0.9 በመቶ የጨው ውሃ ማጠብ ብቻ ነው። ጌጡን ማዞር የለም፣ አልኮል የለም፣ ቫዝሊን የለም። ሙሉ በሙሉ እስኪድን ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ሊወስድ እንደሚችልም አልደበቀችኝም። የከፈልኩት 2,200 ብር ነው። ሳሎኑ 300 ብር ነበር ያስከፈለኝ፤ ክሊኒክ ያወጣሁት ግን ከዚህም ይበልጣል።

አገልግሎቱ ይህ ነው፣ በጣም ጥሩ ነው። አሁን ወደ እናቴ።

ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ ስትጠብቀኝ ሙቀቱ በረታባትና ነጠላዋን ፈታ አደረገች። ታቱ የሚሠራው ልጅ ቡና ሊቀዳ ሲያልፍ አንገቷን አየ። ቆመ። «እናቴ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ቢፈቅዱልኝ ላየው?» እናቴ እኔን አየችኝ። ከዚያ ነጠላውን አወረደችው።

እናቴ ጎጃም ነው የተወለደችው። ግንባሯ ላይ መስቀል፣ አንገቷ ላይ ሦስት ዙር ንቅሳት አላት። ድዷንም ተነቅሳለች። ልጁ የሥራ መብራቱን ጎትቶ አመጣና እጁን ሳያስጠጋ መስመር በመስመር አየው። «ይሄን የሠራችው ሴት እጇ አይንቀጠቀጥም» አለ። «ሃምሳ ዓመት ሙሉ መስመሩ አልተበተነም። ማን ናት የነቀሰችዎት?»

እናቴ ስለ ንቅሳቷ ስትናገር የሰማሁት ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የሠፈሩ ነቃሽ ከምጣድ ሥር ጥላሸት ፍቃ፣ በቅጠል ጭማቂ ለውሳ፣ መርፌዎቹን በክር አንድ ላይ አስራ። አክስቶቿ ግራና ቀኝ ይዘዋት። ዋጋው አንድ ቁና ጤፍ። «አላለቀስኩም» አለችው። ይህን ስትል ድምፅዋ ኩራት ነበረበት፣ እኔ ያላወቅሁት ኩራት።

ስመረቅ በተነሳናቸው ፎቶዎች ሁሉ እናቴ አንገቷን ሸፍናለች። መታወቂያ ስታወጣም እንደዚያው። ያደገችበት አገር አላሳፈራትም፤ ማፈር የጀመረችው አዲስ አበባ ከመጣች በኋላ ነው። ከምን እንደመጣ ሳስበው አንዱ እኔ ነኝ። የ11 ዓመት ልጅ እያለሁ ትምህርት ቤት ፀረ ኤድስ ክበብ ውስጥ ነበርኩ። ሬዲዮውም ፖስተሩም አንድ ነገር ነበር የሚለው፦ ስለት ያላቸውን ነገሮች በጋራ አትጠቀሙ። ከጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች ዝርዝር ውስጥ እንጥል መቁረጥና ንቅሳት አብረው ይጠሩ ነበር። እቤት ገብቼ «እማዬ፣ ንቅሳት ጎጂ ልማድ ነው» አልኳት። ምንም አልመለሰችልኝም።

ዘመቻው ልክ ነበር። በአንድ መርፌ ለብዙ ሰው መነቀስ በሽታ ያስተላልፋል፤ ሰው ከሞት ያዳነ ትምህርት ነው። ግን በሬዲዮና በፖስተር ደጋግሞ ሲመጣ ከመርፌው ይልቅ ምልክቱ ነው ጭንቅላታችን ውስጥ የቀረው። ምልክቱ ያላትን ሴት «ያልተማረች» እያልን ማየት ጀመርን፣ እዚያው ግን የውበት ሳሎኑ ሽጉጥ በሰው ሁሉ ጆሮ ላይ ሲዞር ማንም አልፈራም። እኔም አልፈራሁም።

ቴሌቪዥኑ ደግሞ ሌላ ነው። በባህል ዘፈን ክሊፕ ላይ ወጣቷ ተወዛዋዥ አንገቷና ግንባሯ ላይ ንቅሳት በዓይን ኩል ወይም በእስክሪብቶ ተሥሎላት ታበራለች፣ የገጠር ቆንጆ ናት። እዚያው ጣቢያ ላይ ድራማ ሲጀምር ክንዱ ላይ ታቱ ያለው ልጅ ሌባው ነው፣ አፍንጫዋን የተበሳችው ልጅ ከቤት የጠፋችው ናት። እኔ ታቱ ያለው ዶክተር ወይም መምህር በአገራችን ድራማ ላይ አይቼ አላውቅም። በሥዕል ሲሆን የተወደደው፣ እውነተኛው ሰው ላይ ሲሆን የሚያስወቅሰው ለምንድን ነው? ወንድ ልጅ ጆሮውን ሲበሳማ «ፈረንጅ ኮረጀ» የሚለው ብዙ ነው፤ ድሮ ዝሆን የገደለ ጀግና ጆሮው ላይ ጉትቻ ያደርግ እንደነበር የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። ኦሪት ዘሌዋውያን 19፥28ን ጠቅሰው የሚከራከሩ አሉ፣ እምነታቸው ነው፣ አከብራለሁ። የእናቴ ግንባር ላይ ያለው ግን መስቀል ነው፤ የነቀሷትም ሰዎች አማኞች ነበሩ።

ይህ የእኛ ብቻ ጣጣ አይደለም። ኒውዮርክ ከተማ እ.ኤ.አ. ከ1961 እስከ 1997 ድረስ ንቅሳትን ከልክላ ነበር፣ የተሰጠው ምክንያት የሄፓታይተስ ቢ ሥጋት ነው። እዚያው አሜሪካ በ2023 ፒው የተባለው የጥናት ተቋም ሲጠይቅ ከአዋቂዎች 32 በመቶው ቢያንስ አንድ ታቱ እንዳላቸው ተናግረዋል፤ ከሴቶቹ 38 በመቶ፣ ከወንዶቹ 27 በመቶ። በመሃል የሆነው ነገር ብዙ ነው፣ ግን ቴሌቪዥን ድርሻ አለው። እ.ኤ.አ. በ2005 የጀመረው «ማያሚ ኢንክ» የሚባለው ፕሮግራም ሰው ወንበሩ ላይ ቁጭ ብሎ ለምን እንደሚነቀስ ሲናገር ያሳይ ነበር፤ ስለሞተው ወንድሙ፣ ስለወለዳት ልጁ። ታቱ ያለው ሰው ታሪክ ያለው ሰው ሆኖ ታየ። በተቃራኒው ኮሪያን ውሰዱ። እንግዳ ተቀባይዋ ልጅ የኮሪያ ነገር አይቅርብኝ የምትል ናት፣ ስልኳ ላይ አሳየችኝ፦ የአንዱ ዘፋኝ ክንድ ላይ ያለው ንቅሳት በጭጋግ ተሸፍኗል። ጣቢያዎቹ እንደዚያ ያደበዝዙታል። የሚደበዝዝ ነገር ሁሉ ጥፋት መሆኑን ሕፃን ልጅ እንኳ ሳይነገረው ይማራል።

ይሄ ሁሉ በዚያች ጠባብ ቤት ውስጥ ሲመላለስ አየሁ። እኛ እያለን አንድ ልጅ ገባ። የሜሲን ክንድ ፎቶ ይዟል፣ እንደዚያው ሙሉ እጄን ሥሩልኝ አለ። መታወቂያ ጠየቁት፣ 17 ዓመቱ ነው። «18 ሲሞላህ ና» አሉት። ተቆጣ። ታቱ ሠሪው አላባረረውም፣ አስቀምጦ አናገረው። ስልክ ላይ የምታየው ፎቶ ገና ሥራው እንዳለቀ፣ ቆዳው ቅባት ተቀብቶ፣ በመብራት የተነሳ ነው አለው። ሲድን እንደዚያ አይሆንም። ቢጫና ቀይ በአንተ ቆዳ ላይ እንደ ፎቶው አይወጣም፣ ጥቁር ቀለም ነው የሚያምርብህ። ደግሞ ሮናልዶ ደም ስለሚለግስ አንድም ታቱ እንደሌለው ታውቃለህ? አለው። ልጁ አላወቀም ነበር። ብሩን ሳይቀበሉት ሸኙት። ትንሽ ታቱ እዚህ ከ4,000 ብር ይጀምራል፣ ሙሉ ክንድ ስንት እንደሚሆን አስቡት። ያን ገንዘብ እምቢ ያለ ቤት አምነዋለሁ።

ቅሬታም አለኝ። ግድግዳው ላይ ያለው ስክሪን ቀኑን ሙሉ የውጭ ስቱዲዮዎችን ቪዲዮ ነው የሚያሳየው። የንድፍ ደብተራቸውን አገላበጥኩት፤ ጽጌረዳ፣ ዘንዶ፣ የጃፓን አሣ፣ የእንግሊዝኛ ጥቅስ። የአገራችን ንቅሳት አንድ ገጽ፣ እሱም ከኢንተርኔት የተወሰደ ደብዛዛ ፎቶ። እናቴን ያህል ደብተር ኮሪደሩ ላይ ተቀምጦ! ለባለቤቷ ነገርኳት፣ ተቀበለችኝ፣ ግን እስካሁን አልቀየረችም። ሁለተኛው የባሰ ነው። ልጁ የእናቴን አንገት ሲያይ አንዷ ሠራተኛ ሳትጠይቅ ስልኳን አነሳች። እናቴ ወዲያው ነጠላዋን መለሰች። በሕይወቷ አንዴ የፈታችውን ነጠላ! ባለቤቷ መጥታ ያነሳችውን አስጠፋቻት፣ እናቴንም ጎንበስ ብላ ይቅርታ ጠየቀቻት፣ ይህን አልክድም። ግን ቪዲዮ ምን እንዳደረሰባት የምታውቅ ሴት ሠራተኞቿን አስቀድማ ልትነግራቸው ይገባ ነበር። የሙርሲ ሴቶችን ከንፈር ቱሪስት እያነሳ ፖስትካርድ ሲያደርገው ስንት ዘመናችን ነው። አንድ ሰው ገላው ላይ ያለው ነገር የሱ ነው፣ መጀመሪያ ይጠየቅ።

በመጨረሻ ስንወጣ ታቱ ሠሪው አንድ ነገር ለመናት። ፎቶ አይደለም። ነጭ ወረቀትና እርሳስ አመጣና «የነቃሿን አሣሣል ያስታውሱ እንደሆነ ይሥሉልኝ» አላት። እናቴ እርሳስ ይዛ የማታውቅ ሰው ናት። ሦስቱን ዙር ሣለችው፣ በየዙሩ መሃል ያሉትን ትንንሽ መስቀሎች ጨመረች፣ አንዱን አጥፍታ አስተካከለች። ልጁ ወረቀቱን ሳያጥፍ ፕላስቲክ ውስጥ አስገባው።

ለመሄድ ካሰባችሁ ስልክ ደውላችሁ ቀጠሮ ያዙ፣ ቅዳሜ ይጨናነቃል፣ ሰኞ ዝግ ነው። ክፍያ በቴሌብርም ይሆናል። መብራት ከጠፋ ማምከኛው አይሠራምና ቀጠሮውን ያስተላልፉታል፣ እኔንም አንዴ መልሰውኛል። ቁርስ በልታችሁ ሂዱ። ሊፍት የለም፤ እናቴ ሦስተኛ ፎቅ እስክትደርስ ሁለት ጊዜ አርፋለች። ስትወርድ ግን ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ነበር፣ ብሔራዊ ጋ ታክሲ እስክንይዝ ድረስ እዚያው ቆየ።