ማስቲሽ በስፒከር ላይ፦ ከ8 ወር የድሬዳዋ ሙቀት በኋላ

ጫማ ሰፊዎች የሚጠቀሙበትን ቢጫውን ማስቲሽ በአባቴ ስፒከሮች ላይ ከቀባሁት 8 ወር ሆነ። ጥቅምት ላይ ሠራሁት፤ አሁን የሰኔ መጨረሻ ነው። ቀደም ብዬ ልጽፍ አስቤ ነበር፤ ግን በጥቅምት አየር ያልተላቀቀ ሙጫ ምን ያስመሰግነዋል? ድሬዳዋ ላይ ሙጫ የሚፈተነው በግንቦት ነው።

ስፒከሮቹ ባለ 8 ኢንች ናቸው፤ ከዚራ ሰፈር በሚገኘው ቤታችን ሳሎን ውስጥ ግራና ቀኝ ቆመው እኔን አሳድገዋል። ባለፈው ክረምት ዑድ የሚባለው ባለ ክር መሣሪያ ደህና ሲሰማ ቆይቶ ቤዝ ጊታሩ ሲገባ የግራው እንደ ተሰነጠቀ እንስራ ይንኮሻኮሽ ጀመር። የፊት ጨርቁን አንስቼ የኮኑን፣ ማለትም እየተርገበገበ ድምፅ የሚያወጣውን የወረቀት ሾጣጣ፣ ዙሪያ ነካ ሳደርገው ጠርዙን የያዘው ስፖንጅ እንደ ከሰል ፍርፋሪ ጣቴ ላይ ቀረ። የቀኙም ከእሱ አይሻልም ነበር። ስፖንጁ ፖሊዩሬታን ነው፤ ስፒከሩ ሠራም አልሠራም ሙቀት፣ እርጥበትና አየር በዓመታት ውስጥ ይበሉታል። ወረቀቱ፣ ጥቅል ሽቦውና ማግኔቱ ግን ደህና ነበሩ። በመለኪያ ሳየው ሽቦው 6 ኦም ገደማ አሳየኝ፤ ጀርባው ላይ 8 ኦም ለተጻፈበት ስፒከር ይህ ጤነኛ ቁጥር ነው። የግራው ወረቀት ብቻ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቀዶ ነበር።

ስህተቴን አስቀድሜ ልናገር። ቀዳዳውን በሱፐር ግሉ ያዝኩት። ወዲያው ደረቀ፤ እኔም በራሴ ኮራሁ። በሁለተኛው ሳምንት ወረቀቱ ከሙጫው አጠገብ፣ ልክ ድንበሩ ላይ፣ እንደገና ተቀደደ። ሱፐር ግሉ ሲደርቅ እንደ ብርጭቆ ግትር ይሆናል፤ ወረቀቱ ደግሞ በሴኮንድ ብዙ ጊዜ ወዲያ ወዲህ ይላል፤ ስለዚህ ግትሩ ካበቃበት ቦታ ላይ ይሰነጠቃል። በዚያ ላይ ትነቱ ጥቁሩ ወረቀት ላይ አመድ የመሰለ ነጭ ነገር ጥሎበት ሄደ። በኋላ የተሳካልኝ በአናጺዎች ነጭ ኮላ ነው። በትንሽ ውሃ አቀጠንኩት፤ የሻይ ከረጢት ወረቀት ቆርጬ ከኮኑ ጀርባ ለጠፍኩበት። ያ ወረቀት ስስ ሆኖ ሳለ እርጥብም ቢሆን አይበጠስም። ከዚያ ወዲህ ቀዳዳው መኖሩንም ረስቼዋለሁ።

ጠርዙ ግን በኮላ የሚሆን ሥራ አይደለም። አዲሱ ቀለበት የጎማ ነው፤ እዚሁ ድሬዳዋ ታይዋን ገበያ ስዞር ልኩን አጥቼ የአክስቴ ልጅ ከመርካቶ ይዞልኝ መጣ። በአንድ ወገን ወረቀት፣ በሌላው ወገን ብረት ላይ ይለጠፋል። ሙጫው ሦስቱንም መያዝ፣ ደርቆም መለመጥ አለበት። መላውን ያገኘሁት በራችን አጠገብ ከሚቀመጡት ጫማ ሰፊ ነው። ስፒከሩን አገላብጠው አዩትና ሳቁ።

«አቦ፣ ይህም ሶል ነው!» አሉኝ። «ሁለቱንም ወገን ስስ አድርገህ ቀባው፤ ከዚያ ተወው። ጣትህን አስነክተህ ስታነሳ የማይከተልህ ሲሆን ያን ጊዜ አገናኘው። አንዴ ከተገናኘ ግን ልጄ፣ ልመልሰው ብትል እሺ አይልህም።»

ቆርቆሮው ላይ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ ጠብቁ ይላል። በድሬዳዋ እኩለ ቀን 5 ደቂቃ ሳይሞላ ደርቆ ጠበቀኝ። ስለዚህ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ጀመርኩ።

ከሁሉ የከበደኝ መሃሉን መጠበቅ ነው። በጥቅል ሽቦውና በማግኔቱ ብረት መካከል ያለው ክፍተት 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ ጠርዙ ትንሽ አዘንብሎ ከተለጠፈ ሽቦው ብረቱን እየፋቀ ያንቋርራል። መሃሉ ላይ ያለውን ቆብ በምላጭ አነሳሁት። የእናቴን አሮጌ የራጅ ፊልም በቀጫጭኑ ቆርጬ በአራቱም አቅጣጫ በሽቦውና በመሃለኛው ብረት መካከል ሰካሁ፤ ኮኑ መላወሻ አጣ። መጀመሪያ የጎማውን የውስጥ ከንፈር ከወረቀቱ ጋር አገናኘሁ፤ ቀጥዬ የውጭውን ከብረቱ ጋር። ከዚያ ዙሪያውን በአውራ ጣቴ አጥብቄ ጨፈለቅኩ፤ ማስቲሽ ካልተጫኑት አይዝም። በማግስቱ ፊልሞቹን ስቤ አወጣሁና 1.5 ቮልት ባትሪ አስነካሁት። ኮኑ ድምፅ ሳያሰማ ወደ ፊት ብቅ አለ። ጆሮዬን አስጠግቼ ከስልኬ የ30 ኸርዝ በጣም ወፍራም ድምፅ ለቀቅኩበት፤ የሚፋቅ ነገር የለም። ቆቡን መልሼ ለጠፍኩ።

በነገራችን ላይ፣ በረንዳ ላይ ቆርቆሮውን ከፍቼ ስሠራ እህቴ ቡና ልታፈላ ከሰል አያይዛ ወደ እኔ መጣች። በሕይወቴ እንደዚያ ጮኬባት አላውቅም። የማስቲሽ ትነት ተቀጣጣይ ነው፤ ከአየር ስለሚከብድም መሬት ለመሬት ይሄዳል። ራስም ያዞራልና በተዘጋ ክፍል ውስጥ አትክፈቱት። ቡናው ጓሮ ተፈላ፤ ለእኔ የደረሰኝ በረካው ብቻ ነው።

አሁን ወደ ውጤቱ። የቀኙ ስፒከር 8 ወር ሙሉ ንክች አላለም፤ ጎማው ጫፍ እስከ ጫፍ እንደተያዘ ነው። የግራው ግን ግንቦት ላይ አሳፈረኝ። የቆመው ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ሥር ነበር። አንድ ምሽት የታወቀው ንኩሻ ተመልሶ መጣ። ሳየው የጎማው ውጫዊ ከንፈር 4 ሳንቲ ሜትር ያህል ከብረቱ ለቅቋል፤ ሳብ ሳደርገው ማስቲሹ እንደ ማስቲካ ተለጠጠ። ሙቀት ሲበዛበት ይለሰልሳል፤ ትልቁ ድክመቱ ይህ ነው። ሆኖም ከጥፋቱ ግማሹ የእኔ ነው፤ በዚያ ቦታ የድሮውን የፋብሪካ ሙጫ ሳልፍቅ በላዩ ላይ ቀብቼ ነበር። ብረቱ እስኪታይ ፋቅኩት፣ በአሴቶን ጠረግኩት፣ እንደገና ቀብቼ በልብስ መቆንጠጫ ይዤ አሳደርኩት፤ ስፒከሩንም ከመስኮቱ አራቅኩ። ከዚያ ወዲህ አልተንቀሳቀሰም።

ሌላው ቅሬታዬ ቆርቆሮው ነው። ትልቁን ገዝቼ ሩቡን እንኳ ሳልጠቀምበት፣ ክዳኑን አጥብቄ ብዘጋውም፣ በመጋቢት እንደ ገንፎ ወፍሮ አገኘሁት። ለግንቦቱ ጥገና ትንሹን ገዛሁ፤ ለሁለት ስፒከር ይበቃል፣ ይተርፋልም። ለአዲስ ስፒከር ከተጠየቅኩት ገንዘብ አንጻር ሲታይ ዋጋው የሻይ ሂሳብ ነው።

አንድ መስታወት ገጣሚ ወዳጄ ሲሊኮን እንድሞክር ወትውቶኝ ነበር። እሱ ያመጣልኝ እንደ አቼቶ የሚሸተውን ነው፤ ያ ሽታ አሲድ ነው፣ መዳብ ይበላል፣ ስፒከሩም የሚሠራው በመዳብ ሽቦ ነው። አመስግኜ መለስኩለት።

ቤዙ ተመልሷል፤ አባቴም ከሰዓት በኋላ ዑዱን ይዞ ይቀመጣል። ቆቡን ስለጥፍ የፈሰሰችው ቢጫ ጠብታ ግን ከጥቁሩ ወረቀት ላይ አልለቀቀችም፤ ባለፈ ባገደመ ቁጥር በከዘራው ያሳየኛል።