ለክረምት ድፍርስ ውሃ የትኛው ይገዛ? የአሉም፣ የፓክ እና የፖሊመር ንጽጽር

በክረምት ከወንዝና ከግድብ የሚመጣውን ውሃ የሚያደፈርሱት ደቃቅ የሸክላ ቅንጣቶች አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላላቸው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ተጣብቀው ፍሎክ የተባለውን የሚዘቅጥ ጥርቅም የሚሠሩት ይህን ሙል የሚያረግብ ኬሚካል ሲጨመር ነው። ለዚህ ሥራ ኬሚካል የሚገዛ የከተማ ውሃ አገልግሎት ማወዳደር ያለበት የኪሎ ዋጋን ሳይሆን አንድ ሜትር ኩብ ውሃ ለማጣራት የሚወጣውን ጠቅላላ ወጪ ነው።

አሉም (አሉሚኒየም ሰልፌት) በአገር ውስጥ፣ በአዋሽ መልካሳ ፋብሪካ፣ ሲመረት የኖረ መሆኑ የውጭ ምንዛሪ ለሚቸግረው ገዥ ትልቅ ብልጫ ነው። ድክመቱ አሲድነቱ ነው፤ 1 ሚሊግራም አሉም፣ በካልሲየም ካርቦኔት ሲሰላ፣ ግማሽ ሚሊግራም ያህል አልካሊኒቲ (ውሃው አሲድን የሚቋቋምበት አቅም) ይበላል። ስለዚህ በሊትር 80 ሚሊግራም አሉም የሚጠይቅ ውሃ 40 ሚሊግራም አልካሊኒቲ ያጣል፤ በዝናብ የተበረዘ ውሃ ደግሞ ብዙ ጊዜ አስቀድሞም አልካሊኒቲው ዝቅተኛ ነው። ፒኤቹ (ሲወርድ አሲድነት መጨመሩን የሚያሳየው ልኬት) ከመጠን በላይ ሲወርድ ፍሎኩ ይደቅቃል፣ በተጣራው ውሃ ውስጥ የሚቀረው አሉሚኒየም ይጨምራል፣ ኖራ ማከልም ግድ ይሆናል። ኖራ ቧንቧ የሚደፍንና ሠራተኛ የሚያስለፋ መሆኑ ግን በጨረታ ሰነድ ላይ እምብዛም አይታይም።

ፖሊአሉሚኒየም ክሎራይድ፣ በአጭሩ ፓክ፣ አሲድነቱ በፋብሪካ በከፊል የተገደለ ስለሆነ ፒኤችን ብዙም አያወርድም፤ ፍሎኩም ቶሎ ይፈጠራል። በዱቄት መልኩ 30 በመቶ ገደማ አሉሚኒየም ኦክሳይድ ይይዛል፣ ጠጣር አሉም ግን 17 በመቶ ገደማ ነው፤ በመሆኑም መጠኑም ዝቃጩም ይቀንሳል። የኪሎ ዋጋው ከፍ ይላል፣ ዱቄቱም እርጥበት ስለሚስብ ደረቅ መጋዘን ይፈልጋል። ከአሉም ጋር በአንድ ታንከር መቀላቀል የለበትም፤ ይረጋና መስመር ይዘጋል።

ፖሊመር፣ ማለትም ቅንጣቶችን የሚያያይዝ ረጅም ሰንሰለታማ ኬሚካል፣ የሁለቱ ረዳት እንጂ ምትክ አይደለም። ብዙውን ጊዜ በሊትር ከግማሽ ሚሊግራም ባነሰ መጠን፣ ትንንሽ ፍሎክ መታየት ከጀመረ በኋላ ይጨመራል፤ ሲበዛ የአሸዋ ማጣሪያውን ይደፍናል። ለመጠጥ ውሃ የተፈቀደ ደረጃ መሆኑ በሰርተፊኬት ይረጋገጥ፤ ከፖሊመሩ ወደ ውሃው ሊገባ ለሚችለው ጎጂ ቅሪት፣ ለአክሪላማይድ፣ የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው መመሪያ በሊትር 0.5 ማይክሮግራም ነው።

ኖራ ሳይጨመር ክረምቱን ለሚያልፍ ጣቢያ አሉምን እመርጣለሁ፤ ኖራ ለሚያስፈልገው ግን ፓክን ለዝናቡ ወራት ብቻ መግዛት ይሻላል። ፍሎኩ እንዲያድግ ውሃውን ቀስ ብሎ የሚያማስለው ገንዳ ከተበላሸ ግን የትኛውም አያድንም። ከውሉ በፊት አቅራቢዎች ናሙና ያምጡ፣ የጃር ሙከራውም (የተለያየ የኬሚካል መጠን በትንንሽ ዕቃ ውሃ ላይ የሚሞከርበት) በበጋው ጥሩ ውሃ ሳይሆን በሐምሌና በነሐሴ ውሃ ይሠራ።